ዜሮዋ የት ትቀመጥ?

«ጋዜጠኛን ከኮድ ጋር ምን አገናኘው?» ሲባል ከክፍላችን ልጆች አዘውትሬ እሰማለሁ። እኔ ግን ቢያንስ የሉፕንና የቫሪያብልን ነገር ሁላችንም ልንማር ይገባል ባይ ነኝ። ምክንያቴን ላስረዳ።

ሉፕ ኮምፒዩተር አንድን ሥራ ደጋግሞ እንዲሠራ የሚታዘዝበት መንገድ ነው። ቫሪያብል ደግሞ ቁጥር የምናስቀምጥበት ስም ያለው ዕቃ በሉት። እስቲ የሦስት ክፍለ ከተሞች የትራፊክ አደጋ መዝገብ እጃችን ገባ እንበል፤ 40፣ 25 እና 10 አደጋዎች። የድምሩን ቫሪያብል ከሉፑ በፊት ዜሮ ብለን ከጀመርን 75 እናገኛለን። ያችን የዜሮ መስመር ሉፑ ውስጥ ካስገባናት ግን የተሰበሰበው በየዙሩ ይደመሰስና መጨረሻ ላይ 10 ብቻ ይቀራል። በየቀኑ አዲስ ገጽ ገልጦ የትናንቱን ዱቤ እንደሚረሳ ባለሱቅ ማለት ነው።

የተገላቢጦሹ ይብሳል። የየክፍለ ከተማውን ለየብቻ ስንፈልግ ዜሮዋ በእያንዳንዱ ተራ መጀመሪያ ላይ መመለስ አለባት። ውጭ ከቀረች ውጤቱ 40፣ 65፣ 75 ይሆናል። አደጋ ያነሰበት ክፍለ ከተማ በጋዜጣችን በአደጋ «አንደኛ» ሆኖ ይወጣል! ኮምፒዩተሩ እንደሆነ ትንፍሽ አይልም፤ የታዘዘውን ሠርቷላ።

«ይሄ የጀማሪ ስህተት ነው» የሚል አይጠፋም። አይደለም። ለድረ ገጾች የደህንነት ሰርተፊኬት የሚሰጠው ሌትስ ኢንክሪፕት እ.ኤ.አ. በ2020 ከ3 ሚሊዮን በላይ ሰርተፊኬቶቹ በአንድ ስህተት መነካታቸውን አስታውቋል። በጎ ቋንቋ በተጻፈው ፕሮግራሙ ውስጥ ሁሉም ዙር የሚጋራው የሉፕ ቫሪያብል አንድ ብቻ ስለነበር፣ ብዙ ስሞችን መርምር ሲባል አንዱን ስም ደጋግሞ ይመረምር ነበር። ጎ ራሱ ይህን ሕጉን በ2024 ለውጦታል።

«ታዲያ ለኮምፒዩተር ሳይንስ ልጆች እንስጠዋ!» ትሉ ይሆናል። ነገር ግን ዜሮዋ የት ትቀመጥ የሚለው ከኮድ በፊት የጥያቄ ጉዳይ ነው፤ የምንጠይቀው የሁሉንም ነው ወይስ የእያንዳንዱን? ይህን የሚያውቀው ዜናውን የሚጽፈው ሰው ነው።

ስለዚህ ከኮምፒዩተር ኮርሳችን ላይ ሁለት ሳምንት ለዚህ ቢመደብ እላለሁ። ሌላው ቢቀር፣ ሦስት ቁጥር በእጃችን ደምረን ከኮዱ መልስ ጋር ማስተያየት እንልመድ። መምህሮቻችን «ምንጭህን አጣራ» ይሉን የለ? ኮድም እኮ ምንጭ ነው።