ይሉኝታ የሚሉት ዳገት

ብስክሌት በከተማችን የልጅ መጫወቻ፣ ካልሆነም የችግረኛ መጓጓዣ ተደርጋ ትታያለች። ይህን አስተያየት የሚሰነዝሩት ደግሞ ያልተማሩት ብቻ አይደሉም፤ በግጥም ምሽት ስለ ነፃነት ሲነበብ ከሁሉ ቀድመው የሚያጨበጭቡትም ናቸው። «የባንክ ሰው ሆነህ፣ ከረባት አስረህ፣ በብስክሌት? ደንበኛ ምን ይላል?» ይሉኛል። እኔም በተራዬ እጠይቃለሁ፦ ደንበኛው ገንዘቡን በአደራ የሚሰጠው ለጥንቃቄዬ ነው ወይስ ለተሽከርካሪዬ?

ሰው በሚጋልበው መኩራቱ አዲስ ነገር አይደለም። ነገሥታቱ እንኳ በፈረስ ስማቸው ይጠሩ ነበር፤ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው ተብለዋል። ያ ኩራት፣ እኔ እንደሚገባኝ፣ ፈረስን የማወቅና የመግራት ኩራት ነበር። የዛሬው ግን ወደ ዕዳ ተዛውሯል። ገና ያልሠራበትን የዓመታት ደመወዝ ለመኪና የሚያስይዝ ሰው በጠረጴዛዬ ፊት ሲፈርም አይቻለሁ። ቋንቋችን ግን የጥንቱን አልረሳም፤ የብስክሌትን መቀመጫ ዛሬም «ኮርቻ» ይለዋል።

«ርካሽ ብረት» የሚለውንም ስድብ እንመርምረው። የብረት አካል ቢሰነጠቅ የሰፈር በያጅ ይጠግነዋል። የአሉሚኒየም አካል የተለየ ብየዳ ይፈልጋል፤ ከብየዳውም በኋላ አብዛኛውን ጊዜ በሙቀት ካልታከመ የቀድሞ ጥንካሬው አይመለስም። ብረት ይከብዳል፣ ይዝጋል፤ አልክድም። ዝገት ግን ዘይትና ጨርቅ ያለው ሰው የሚያሸንፈው ጠላት ነው።

ደግሞስ የገዛኋትን እንዳለች መቼ ተውኳት? ብስክሌትን ለራስ ማስተካከል ግጥም እንደማረም ነው፤ መጀመሪያ የሚወጣው ጌጡ ነው። ፊቷ ላይ የነበረው ርካሽ ሞላ ክብደት ከመጨመርና በዳገት ጉልበቴን ከመጠጣት በቀር ጥቅም አልነበረውም፤ በጠንካራ ሹካ ለወጥኩት። የፊት ጥርሷ 44፣ የኋላው 18 ነበር፤ ፔዳሉ አንድ ጊዜ ሲዞር ጎማው ሁለት ተኩል ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህ ለሜዳ አገር ይስማማል። የቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ 2,300 ሜትር ላይ ተቀምጦ እንጦጦ ከ3,000 ሜትር በላይ በሚቆምበት ከተማ ግን ግፍ ነው። የኋላውን በባለ 22 ጥርስ ስተካው ጎማው ሁለት ጊዜ ብቻ ዞረ፤ እግሬ ላይ የነበረው ሸክም ከአምስት አንዱ ያህል ቀለለ። ኮርቻውን ከፍ አደረግሁ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ ጉልበት ለመዘርጋት ጥቂት ሊቀረው ይገባልና። ፓራፋንጎና የሰንሰለት መሸፈኛ ጨመርኩ፤ ሱሪዬም ከጭቃና ከዘይት ተገላገለ።

ለባላጋራዎቼ አንድ ነጥብ እለቃለሁ። የብረት ቸርኬ በክረምት አደገኛ ነው፤ ሲረጥብ የፍሬኑ ላስቲክ ይንሸራተትበታል። ስለዚህ ቸርኬዎቹን በአሉሚኒየም ቀየርኩ። ብረትን የምወድደው በሚጠቅምበት ቦታ ነው፤ ይህ የጣዖት አምልኮ አይደለም።

«ብስክሌት የኛ ባህል አይደለችም» የሚሉም አሉ። ኢትዮጵያ ለመጀመሪያ ጊዜ በኦሊምፒክ ስትሳተፍ፣ በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን፣ ከሯጮቹ ጎን ብስክሌተኞች እንደነበሩ ይወቁልኝ። አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ከመሮጡ አራት ዓመት ቀደም ብሎ ማለት ነው። ባሕር ዳርና ሐዋሳ የሚኖር ሰውም ይህን ክርክር ቢሰማ ይስቃል።

የቀረው ክርክር የመንገድ ነው። እሱ እውነተኛ ክርክር ነው፤ ከጭነት መኪና ጎን የሚሄድ ሰው ነፍሱን በእጁ ይዟል። ይሁን እንጂ በ2011 ዓ.ም. «መንገድ ለሰው» ተብሎ አውራ ጎዳናዎች ለጥቂት ሰዓታት ለእግረኛና ለብስክሌተኛ ተከፈቱ፤ ከ2016 ዓ.ም. ወዲህም የኮሪደር ልማቱ በአንዳንድ መንገዶች ዳር የብስክሌት መስመር አበጀ። መስመሩ የሚያልቅበት ቦታ ብዙ ነው፤ ይቀጥል ብለን ልንጮህ ይገባል። ግን ማን ይጩህ? በኮርቻ ላይ መታየትን የሚያፍር ሰው ስለ መስመሩ አይጮህም። ድንጋዩን ዶዘር ይጠርገዋል፤ ይሉኝታን የሚጠርግ ዶዘር ግን አልተሠራም። እሱን እኛው፣ በየማለዳው፣ ከረባታችንን እንዳሰርን ልንወጣው የሚገባ ዳገት ነው።

ብረት ናት ይላሉ፣ ርካሽ ናት ይላሉ፤
በዕዳ መኪና ውስጥ፣ ቆመው እየዋሉ።
ዳገቱን በጉልበት፣ ቁልቁለቱን በፍሬን፤
በእግሬ ለካሁት፣ የገዛ መንገዴን።