የብሩሽ ዕውቀትና የውል ዕውቀት

ሥነ ጥበብ ሥራ ነው፤ ሠዓሊውም ሠራተኛ ነው። ይህን መሠረታዊ ሐቅ ሳንቀበል የጥበብ ተማሪዎችን ለሙያ ሕይወት ስለ ማዘጋጀት ብንነጋገር ፍሬ አይኖረውም።

ሠዓሊ አለ ፈለገ ሰላም የመሠረቱትና ዛሬ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር የሚገኘው ትምህርት ቤት ከስድሳ ዓመታት በላይ ሠዓልያንን፣ ቀራፅያንንና የግራፊክ ባለሙያዎችን ሲያፈራ ቆይቷል። ይሁን እንጂ እጅን ማሠልጠን የዝግጅቱ ግማሽ ነው። ቀሪው ግማሽ የሚፈተነው ተመራቂው ከአሠሪ ፊት ሲቆም ነው።

ለምን? የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን እንመልከት። በቅጥር ወይም በትእዛዝ የተሠራ የፈጠራ ሥራ፣ በውል ሌላ ስምምነት ከሌለ በቀር፣ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ወይም የአዛዡ ነው። ለፈጣሪው የሥራው አመንጪ ተብሎ የመታወቅ የሞራል መብት ይቀርለታል፤ ስም ብቻውን ግን ጎጆ አያቆምም። ስለሆነም ለአንድ ፋብሪካ አርማ የነደፈ ወጣት ያለ ውል ዋጋውን ከተቀበለ፣ አርማው ለዓመታት በየማሸጊያው ላይ ቢታተም ተጨማሪ ክፍያ ለመጠየቅ ሕጉ አይደግፈውም።

ስለዚህ ውል መዋዋል፣ የድካምን ዋጋ መተመን፣ በማተሚያ ቤት ከሠራተኞች ጎን ቆሞ መለማመድና በማኅበር መደራጀት ከንድፍ ትምህርት እኩል ቦታ ሊሰጣቸው ይገባል እንላለን። ኃላፊነቱም የመምህራን ብቻ አይደለም። አርማ ወይም ሰሌዳ የሚያሠሩ የሠራተኛ ማኅበራትና ዕድሮች ሥራውን በጽሑፍ ውል ቢያሠሩ፣ ለወጣቱ ሙያተኛ ከምስጋና የላቀ ድጋፍ ይሰጣሉ። የራሱን ላብ ዋጋ የሚያውቅ ሠራተኛ የሌላውንም ሊያከብር ግድ ይለዋል!