በመጋዘን ውስጥ ስለ ፎርክሊፍት አነዳድና ስለ ሠራተኞች ደኅንነት

ማዳበሪያና እህል ለገበሬው በጊዜው ይደርስ ዘንድ የመጋዘን ሥራ መፍጠን እንደሚገባው የታወቀ ነው። ስለዚህም ቀድሞ በሰው ጫንቃ ብቻ ይወጣና ይወርድ የነበረው ጆንያ ዛሬ በትልልቆቹ መጋዘኖች ፎርክሊፍት በሚባለው መኪና እየተነሣ ይከመራል። መኪናው የብዙ ሰው ድካም አቅልሏል፤ ነገር ግን ከጥቅሙ ጋራ አደጋውን አብሮ ማሰብ የተገባ ነው።

25 ኩንታል የሚያነሣ ፎርክሊፍት ባዶውን ከ35 ኩንታል በላይ ይመዝናል፤ በተጫነ ጊዜም ከ60 ኩንታል ያልፋል። ይህን ያህል ክብደት በጠባብ መተላለፊያ ሲሄድ ጭነቱ የነጂውን ዓይን ይጋርደዋል። መሪው የሚያዞረው የኋላውን ጎማ ስለ ሆነም፥ መኪናው ሲታጠፍ ጀርባው ወደ ጎን ይወረወራልና በአጠገቡ የቆመውን ሰው ከክምሩ ጋራ ያጣብቀዋል። ደግሞም በአራት ጎማ የቆመ ቢመስልም ሚዛኑ የተመሠረተው በሦስት ነጥብ ነው፤ ይኸውም በሁለቱ የፊት ጎማዎችና በኋላው አክሰል መካከል ነው። ስለዚህ ጭነቱን ከፍ አድርጎ በፍጥነት የሚታጠፍ ነጂ መኪናውን በጎኑ ይጥለዋል። ያን ጊዜ ዘሎ ለማምለጥ የሚሞክረውን መኪናው ራሱ ይጫነዋል፤ ቀበቶውን ታጥቆ፥ መሪውን ጨብጦ በመቀመጫው የጸና ግን የመዳን ተስፋው ይበልጣል።

እንዲህ ያለ ጉዳት በደረሰ ጊዜ «ጥፋቱ የነጂው ነው» ብሎ ነገሩን መዝጋት ቀላል ነው። ፍርዱ ግን የተሟላ አይሆንም። ነጂውን ሳያስተምር ቁልፉን የሰጠው ማን ነው? ጫኝና አውራጁ መኪናው በሚመላለስበት መንገድ እንዲሄድ የተወው ማን ነው? ፀሐይ ሳትጠልቅ ይራገፍ ብሎ ያጣደፈውስ ማን ነው? ይህ ሁሉ የባለ መጋዘኑና የሥራው አለቃ ድርሻ ነው። «ከመጠምጠም መማር ይቅደም» የተባለው ለቤተ ክህነት ተማሪ ብቻ አይደለም። በአሜሪካ አገር በጎርጎርዮስ አቆጣጠር በ1998 የወጣው ደንብ ነጂው ሁሉ ተምሮና ተፈትኖ ካልተመሰከረለት በቀር እንዳይነዳ ያዛል፤ ሥራውም ቢያንስ በየሦስት ዓመቱ እንደ ገና እንዲመረመር ያስገድዳል።

በኢትዮጵያም የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 አሠሪው የሠራተኛውን ደኅንነትና ጤንነት ለመጠበቅ አስፈላጊውን ሁሉ እንዲያደርግ አዟል። ሆኖም ሕግ የሚጸናው የሚጠይቅ ሲኖር ነው። መጋዘን የሚጐበኝ ሹም ስንት ኩንታል ገባ፥ ስንትስ ወጣ ብሎ ብቻ ቢመለስ፥ የመጋዘኑ ኀላፊም የሚተጋው ለኩንታሉ ብቻ ይሆናል፤ ሰው የሚጠነቀቀው ለሚጠየቅበት ነገር ነውና። እንግዲህ ሹሙ ከኩንታሉ ቍጥር ጋራ ሦስት ነገር ደግሞ ይጠይቅ።

አንደኛው፥ ነጂው ተምሮ የተፈተነበት ወረቀት የት አለ? ሁለተኛው፥ የእግረኛውና የመኪናው መንገድ በቀለም መሥመርና በአጥር ተለይቷልን? በቀን ሒሳብ ለአንድ ሳምንት የተቀጠረው አውራጅስ ይህን መንገድ ያውቃልን? ሦስተኛው፥ በመኪናው ላይ የተጻፈው የክብደት ልክ ይከበራልን? 2500 ኪሎ ግራም የሚል ልክ ብዙውን ጊዜ የሚሠራው የጭነቱ መካከል ከሹካው ሥር ከ500 ሚሊ ሜትር ሳይርቅ ሲቀር ነው፤ በራቀ ቍጥር የሚነሣው ክብደት እየቀነሰ መሄድ አለበት። ጭነትም ከመሬት ከ15 እስከ 20 ሳንቲ ሜትር ብቻ ከፍ ብሎ ሊጓጓዝ፥ ሰውም በሹካው ላይ ቆሞ እንዳይነሣ ሊከለከል ይገባል።

ይህን ሁሉ ጥንቃቄ ሥራ የሚያዘገይ አድርገው የሚቈጥሩት ይኖራሉ። ነገር ግን መኪናው በተገለበጠ ቀን ጆንያው ይቀደዳል፥ ተራ የሚጠብቀው የጭነት መኪና ይቆማል፥ ገበሬውም የዘሩ ጊዜ ያልፍበታል። በአንጻሩ መሥመር የሚሰመርበት ቀለም፥ ሲዞሩ የሚነፋ ጥሩንባና የሁለት ቀን ትምህርት ዋጋቸው ጥቂት ነው። አደጋው ከደረሰ በኋላ የሚደረግ ምርመራ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደ ተባለው ነው፤ የሞተውን አያስነሣም፥ ልጆቹንም አያሳድግም።

የተቀደደ ጆንያ ይሰፋል፥ የተደፋ እህልም ይለቀማል። ሰው ግን እንዲህ አይደለምና፥ በመጋዘን ላይ ሥልጣን ያለው ሁሉ ከኩንታሉ አስቀድሞ ኩንታሉን ስለሚሸከመው ሰው ሊጠይቅ የተገባ ነው።