ስንጥቅ ከንፈር የሚደበቅ ገመና አይደለም

ዛሬ የምናነሣው ጉዳይ በየጓዳው በሹክሹክታ የሚወራ ነው። ከንፈሩ ወይም ላንቃው ተሰንጥቆ የሚወለድ ሕፃን በዓለም ዙሪያ ከ700 ልደቶች በአንዱ ግድም ይታያል። ስለዚህ በሰቆጣም ሆነ በዋግ ኽምራ ደጋ መንደሮች ይህ የደረሰበት ቤተሰብ ብቻውን አይደለም።

የመጀመሪያዋ ተከሳሽ እናት ናት። «በእርግዝናሽ ምን አይተሽ ነው? ምን ረግጠሽ ነው?» ትባላለች። ከንቱ ወቀሳ ነው! የላይኛው ከንፈር የሚገጥመው ከ4ኛው እስከ 7ኛው የእርግዝና ሳምንት፣ ላንቃው ደግሞ እስከ 9ኛው ሳምንት ነው፤ ይኸውም ብዙ እናቶች መፅነሳቸውን እንኳ በውል ሳያውቁት ማለት ነው። ዘር፣ የስኳር በሽታ፣ ሲጋራና ለሚጥል በሽታ የሚሰጡ አንዳንድ መድኃኒቶች ድርሻ እንዳላቸው ሐኪሞች ያስረዳሉ። እርግማን ግን ከዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ከሁሉ የሚያስቸኩለው ጡት ነው። ላንቃው የተከፈተ ሕፃን መሳብ ያቅተዋል፤ ወተቱም በአፍንጫው ይመለሳል። እናቲቱም «ጡቴን ጠላው» ብላ ታዝናለች። አልጠላም፤ አቅም አጥቶ ነው። እናት ሆይ፣ ጡትሽን በንጹሕ ስኒ አልቢና ሕፃኑን ቀና አድርገሽ ይዘሽ በማንኪያ ጥቂት በጥቂት አጠጪው፤ መሐል መሐሉን ትከሻሽ ላይ አድርገሽ አስገሺው። ነገሩ ቀላል አይደለም። የከንፈር ቀዶ ጥገና ከ3 ወር ገደማ ጀምሮ ይደረጋል፤ ነገር ግን ክብደቱ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ያልሞላ ሕፃን ብዙ ጊዜ እንዲጠብቅ ይደረጋል። መቀንጨርን ለማስቀረት እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው የመንግሥት ቃል ኪዳን በሰቆጣ ስም የተጠራው ያለ ነገር አይደለም፤ በዚህ አገር እያንዳንዱ ግራም ይቆጠራል። ላንቃው ደግሞ 18 ወር ሳይሞላ ቢሰፋ ይመረጣል፤ ልጁ አፉን ሲፈታ ድምፁ በአፍንጫው እንዳይወጣ።

ጊዜው ላለፈባትስ? ነጠላዋን እስከ አፍንጫዋ ሳትስብ ውኃ የማትወርድ፣ ከገበታ ተለይታ የምትበላ፣ መምህሩ «አንብቢ» ሲላት አንገቷን የምትደፋ ልጅ በ15 ዓመቷም ከንፈሯ ይጠገናል፤ የሚቀረው ቀጭን ጠባሳ ነው። ላንቃዋ ዘግይቶ ከተሰፋ ግን ንግግሯ ወዲያውኑ አይቃናም። «ብ»ን፣ «ት»ን፣ «ስ»ን በአማርኛም ሆነ በኽምጣና በየቀኑ ታግሦ የሚያለማምዳት ሰው ያስፈልጋታል። ይህን ደግሞ ሐኪም ቤት ብቻውን አይሠራውም።

ሰቆጣ በሚገኘው በተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል ተመርምራችሁ የመላኪያ ወረቀት ጠይቁ። በአዲስ አበባ የካቲት 12 ሆስፒታል በዚህ ዓይነት ቀዶ ጥገና የታወቀ ነው፤ ስማይል ትሬይን የተባለው ድርጅት ወጪውን በሚሸፍንባቸው ሆስፒታሎችም ሕክምናው በነፃ ይሰጣል። መንገዱ ግን ነፃ አይደለም፤ 700 ኪሎ ሜትር ግድም ነው። አባወራዎች እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡን፦ እናቲቱ ሕፃኑን አዝላ ስትሄድ የቀሩትን ልጆች ማን ያበላል? ፍየሎቹንስ ማን ያልባል? ይህ ከጉዞው በፊት በቤት ውስጥ ይቆረጥ፤ ብዙ ሕፃናት የሚቀሩት ሐኪም ጠፍቶ ሳይሆን ይህ ሳይወሰን ቀርቶ ነው ብለን እንገምታለን።

ከመነሣታችሁ በፊት የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቀጠሮውን በስልክ ታረጋግጥላችሁ። ሕፃኑ ጉንፋን ወይም ትኩሳት ከያዘውም ንገሯት፤ እስኪድን ድረስ ቀዶ ጥገናው ይተላለፋልና።