ስለ ፒዮኒ አበባ

ፒዮኒ የሚባለው አበባ ዓይነቱ ብዙ ነውና፥ ስሙን ብቻ የሰማ ሰው መልኩን አያውቀውም። በ1851 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በፈረንሳይ አገር የወጣው ፌስቲቫ ማክሲማ ነጭ ድርብ ሆኖ፥ በመካከሉ ደም የተረጨበት የሚመስል ቀይ ነጠብጣብ አለው። በ1906 ሌሞአን በናንሲ ከተማ ያወጣው ሳራ በርናር ግን ጽጌረዳ መልክ ነው፤ ራሱ ከባድ ስለ ሆነ ዝናም ሲመታው ወደ ምድር ይደፋል፤ እኛ ግን ስለዚህ አንነቅፈውም።

በየክረምቱ ግንዱ ከሚደርቀው ወገን ቢጫ ድርብ አበባ ታጥቶ ነበር። በ1948 ቶኢቺ ኢቶ የሚባል ጃፓናዊ፥ ግንዱ እንጨት ከሆነው ወገን የቢጫውን የአሊስ ሃርዲንግን ዱቄት ካኮደን በሚሉት ነጭ አበባ ላይ አድርጎ አዳቀለ። ዘሩ በቀለ፤ እርሱ ግን አበባውን ሳያይ በ1956 ሞተ። ከሞቱ በኋላ ቢጫ ሆኖ አበበ። ሉዊስ ስሚርኖው የሚባል አሜሪካዊ ከመበለቲቱ ገዝቶ በ1974 አራቱን በየስማቸው አስመዘገበ፤ ነገዱ ግን እስከ ዛሬ ኢቶ ይባላል። እኛ መዝገብ ጸሐፊዎች ነንና፥ የፊተኛው ባለ ሥራ ስም ሳይፋቅ ስናይ ደስ ይለናል።

ፒዮኒ ውርጭ ያለበትን የብርድ ወራት ካላገኘ አበባ አይሰጥምና፥ ለአገራችን አትክልት ቦታ አንመክረውም። በብርድ አገር የተቀመጡ ወገኖቻችን ግን፥ በመጸው ሲተክሉት የሥሩን ቡቃያ ከ5 ሳንቲ ሜትር አብልጠው አይቅበሩት፤ ከዚያ ከጠለቀ ቅጠል ብቻ ያወጣል።