ከቅሬታ በኋላ የሚመጣ ደብዳቤ

በአዳማ ከተማ የሚሠሩ ሦስት ሠራተኞች በኃላፊዎቻቸው ላይ ቅሬታ አቀረቡ፤ ብዙም ሳይቆይ ሦስቱም የስንብት ደብዳቤ ደረሳቸው እንበል። አንደኛዋ የከተማው አስተዳደር፣ ሁለተኛው የአዳማ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ፣ ሦስተኛው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ባልደረቦች ናቸው። የደረሰባቸው በደል አንድ ቢሆንም አቤት የሚሉበት በር ግን ለየቅል ነው።

የከተማው አስተዳደር ሠራተኛ ጉዳይ ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 52 ለክልሎች በሰጠው ሥልጣን መሠረት በኦሮሚያ ክልል የመንግሥት ሠራተኞች ሕግ ይታያል። በሞጆ፣ በባቱና በሻሸመኔ አስተዳደሮች የሚሠሩትም እንዲሁ ናቸው። የዩኒቨርሲቲው አስተዳደር ሠራተኛ በፌዴራሉ ሕግ ይተዳደራል። የኤሌክትሪክ አገልግሎቱ ባልደረባ ግን፣ መሥሪያ ቤቱ የመንግሥት የልማት ድርጅት በመሆኑ፣ ጉዳዩን በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ መሠረት ያቀርባል።

በግልጽ የተጻፈ ከለላ ያለው ይህ ሦስተኛው ሠራተኛ ነው። አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በአንቀጽ 26 ሠራተኛው በአሠሪው ላይ ቅሬታ ማቅረቡ ወይም በክስ ሂደት መሳተፉ ለስንብት ሕጋዊ ምክንያት እንደማይሆን ደንግጓል። በዚህ ምክንያት የተሰናበተ ሠራተኛ ወደ ሥራው ይመለሳል። ኢትዮጵያ በ1983 ዓ.ም. ያፀደቀችው የዓለም የሥራ ድርጅት ስምምነት ቁጥር 158 መንፈስም ይኸው ነው።

በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ያለውን መልክ ስንመለከት፣ የ1999 ዓ.ም. የፌዴራል መንግሥት ሠራተኞች አዋጅ ቁጥር 515 ክፍት የሥራ ቦታ ሲሞላ በብሔር፣ በፆታ፣ በሃይማኖት፣ በፖለቲካ አመለካከት፣ በአካል ጉዳትና በኤች አይ ቪ ኤድስ ምክንያት ልዩነት ማድረግን ከልክሎ ነበር። ቂም ግን ከቅጥር በኋላ ይመጣል፤ ሁልጊዜም በስንብት አይገለጽም። በዝውውር፣ በዝቅተኛ የሥራ አፈጻጸም ውጤት ወይም ከሥልጠና ዝርዝር በመሰረዝ ይፈጸማል። እያንዳንዱ እርምጃ ለብቻው ሲታይ ሕጋዊ ይመስላል። በዚያው አዋጅ ሥርዓት ቅሬታውን የሚያጣራው ኮሚቴ የውሳኔ ሐሳቡን የሚያቀርበው ለመሥሪያ ቤቱ የበላይ ኃላፊ ነበር። ቅሬታው በራሱ በኃላፊው ላይ ሲሆን የዚህ ሥርዓት ድካም ግልጽ ነው።

ከሁሉ የጠነከረው ምሳሌ የጉምሩክ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ቁጥር 155 የገቢዎችና ጉምሩክ ባለሥልጣን ዋና ዳይሬክተር በሙስና የጠረጠረውንና እምነት ያጣበትን ሠራተኛ መደበኛውን የዲሲፕሊን ሥርዓት ሳይከተል እንዲያሰናብት ፈቅዶ ነበር። የተሰናበተውም በማናቸውም የዳኝነት አካል ውሳኔ ወደ ሥራው የመመለስ መብት አልነበረውም። ሙስናን የመዋጋት ዓላማው ተገቢ ነበር፤ ነገር ግን ጥርጣሬው እውነተኛ ይሁን የግል ቂም የሚመረመርበት መድረክ አልቀረም።

ሌላው ችግር ማስረጃ ነው። የግል ማኅደሩ፣ ቃለ ጉባኤውና የምዘናው ቅጽ በአሠሪው እጅ ናቸው። ይህን የተረዳ የሚመስለው የአካል ጉዳተኞች የሥራ ስምሪት መብት አዋጅ ቁጥር 568/2000 ነው፤ በአካል ጉዳቱ ምክንያት በዕድገት፣ በምደባ ወይም በዝውውር አድልዎ ደረሰብኝ የሚል ከሳሽ የማስረዳት ሸክም አይጫንበትም። ለሌሎች ሠራተኞችም ይህ መንገድ ቢከፈት መልካም ነበር።

የወንጀል ጠቋሚዎችና ምስክሮች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 699/2003 ደግሞ የጥበቃውን ወሰን 10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም ሞት በሚያስቀጡ ወንጀሎች ላይ አድርጎታል። የአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት የነዳጅ ኩፖን ያለአግባብ መባከኑን ያጋለጠች የሒሳብ ሠራተኛ፣ ድርጊቱ ከዚህ ያነሰ ቅጣት የሚያስከትል ከሆነ፣ ከዚህ አዋጅ ጥበቃ ውጭ ናት።