ፍሊት ከማንሳታችን በፊት አፈሩን እንይ

በመርከዝ ክሊታ ስንኖር ብዙዎቻችን ሚርፔሴቱ ላይ በዓጺጽ ጤና አዳም፣ በሶብላ ወይም ቃሪያ እንተክላለን። ታዲያ አፈሩ ውስጥ አንድ ነገር ሲንቀሳቀስ ካየን ቶሎ ብለን ፍሊት እንነፋበታለን። እኔ በዚህ ልማድ አልስማማም። አፈር ውስጥ ያለው ሁሉ ጠላት አይደለም፤ መርዝ ደግሞ ወዳጅና ጠላት አይለይም። ጤና አዳሙን ቡናችን ውስጥ እንጨምረዋለን፣ ሕፃናቱም እዚያው ሥር ይድሃሉ።

«ትል ያለበት ቤት ቆሻሻ ነው ይሉናል» የሚሉ ወገኖች አሉ። ሥጋታቸው ይገባኛል። ነገር ግን ሕይወት ያለው አፈር ቆሻሻ አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ እንለይ።

ውሃ ስታጠጡ እንደ ቁንጫ እየዘለሉ የሚበተኑ ጥቃቅን ነጫጭ ነፍሳት ካያችሁ አትደንግጡ። የሚበሉት የበሰበሰ ቅጠልና ሻጋታ ነው። ብዛታቸው የሚናገረው ውሃ እንደበዛ ነው። ቀዩ የመሬት ትልም አፈሩን እየቦረቦረ አየርና ውሃ ያስገባል፤ ተዉት።

ጎጂዎቹ ሌሎች ናቸው። ዓጺጹ ሲነካ ብር ብር የሚሉት ትናንሽ ጥቁር ዝንቦች ራሳቸው አይናከሱም። ችግሩ ልጆቻቸው ናቸው፤ ቀጫጭን፣ ሰውነታቸው ነጭ፣ ራሳቸው ጥቁር የሆኑ ትሎች የችግኙን ሥር ይበላሉ። መኖራቸውን ለማወቅ ጥሬ ድንች ቆርጣችሁ አፈሩ ላይ አስቀምጡ። ከ2 ወይም ከ3 ቀን በኋላ ገልብጡት፤ ትሎቹ ከሥሩ ከተሰበሰቡ ከነድንቹ ጣሉት። ከዚያም የላይኛው አፈር 2 ወይም 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ሳይደርቅ ውሃ አትጨምሩ። ለዝንቦቹ ደግሞ ሱቅ ሄዳችሁ «ማልኮዴት ዴቬክ ጸሁባ» በሉ፤ ቢጫ፣ የሚያጣብቅ ወጥመድ ነው።

ውሃ እየጠጣ የሚጠወልግ ተክል ካለ አውጥታችሁ ሥሩን እዩ። ጥጥ የመሰለ ነጭ ነገር ከተለጠፈበት ሥር የሚመጥ ተባይ ነውና ዓጺጹን ከሌሎቹ አርቁት፣ አፈሩንም ጣሉት። እንደ ማጭድ የተጠማዘዘ ወፍራም ነጭ ትልም ሥር በላተኛ ነው፤ በእጅ ለቅሞ ማውጣት ይበቃል።

ይህ የድሮ ሰው ወሬ ብቻ አይደለም። በቤት ሸአን ሸለቆ የሚገኘው የስዴ ኤልያሁ ኪቡጽ ተባይ የሚበሉ ነፍሳትን እያረባ ለገበሬዎች ይሸጣል። የአገሩ ገበሬ ነፍሳትን በነፍሳት የሚዋጋ ከሆነ፣ እኛ ለአንድ ዓጺጽ ቤቱን ሙሉ መርዝ ማጨስ ለምን አስፈለገን?

ደግሞም በመካከላችን አዋቂዎች አሉ። በጎንደርና በስሜን ሲያርሱ የኖሩ አባቶችና እናቶች አፈር ዘግነው ጤነኛ መሆኑን ይለያሉ። እዚህ ግን ዕብራይስጡ ስለከበዳቸው ምንም እንደማያውቁ ተቆጥረው ዝም ብለው ይቀመጣሉ። ልጁ ቋንቋውን ያውቃል፣ አያቱ አፈሩን ያውቃሉ። አብረው ዓጺጹን ቢፈትሹ ልጁ ከአያቱ ይማራል፣ አያቱም «ሾሬሽ» ማለት ሥር መሆኑን ከልጁ ይሰማሉ።

ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባላል። አደራ፣ ከመንፋታችን በፊት እንይ፤ ካላወቅን ደግሞ ጎረቤት ያሉትን ሽማግሌ እንጠይቅ።